የአድማጩ ገጽ

የአዳራሹ ዘጠና ተጣጣፊ ወንበሮች አፍ ቢኖራቸው ኖሮ ስንቱን ባወጡት! ሰው ያልገባው ነገር ሲነገረው ራሱን እንዴት እንደሚነቀንቅ፣ ሲያልቅለትም በምን ዓይነት ደስታ እንደሚያጨበጭብ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከእነሱ ቀጥሎ የሚያውቀው አድማጩ ነው።

በቅጥር ደብዳቤው ላይ «የአዳራሽና የዕቃ ኃላፊ» ይላል። ወንበር ይደረድራል፤ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ሰው እንዳይጠልፍ በቢጫ ፕላስተር ወለሉ ላይ ይለጥፋል፤ ፕሮጀክተሩ እስኪሞቅ አምስት ደቂቃ አጠገቡ ቆሞ እንደ ታማሚ ይጠብቀዋል። በዩኒቨርሲቲው የሰብአዊ ጥናት ማዕከል ውስጥ ግን ከወንበር ድርደራ የሚከብድ ሌላ ሥራ አለው። ግቢው ሁሉ «አድማጩ» የሚለውም ለዚህ ነው።

ማዕከሉ በየዓመቱ ሦስት መምህራንን ከማስተማር ያሳርፋል። ለአንድ ዓመት ክፍል መግባት የለም፣ ፈተና ማረም የለም። አንድ ጠባብ ቢሮ፣ አንድ የጠረጴዛ መብራትና አንድ ቁልፍ ይሰጣቸውና «በሉ እንግዲህ አስቡ፣ ጻፉ» ይባላሉ። ሥራው ያላለቀለት ሁለተኛ ዓመት መጠየቅ ይችላል። በምላሹ የሚፈለግባቸው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሲሠሩት የከረሙትን ለሕዝብ በሃያ ደቂቃ መንገር ብቻ ነው። ሕዝብ ማለት ጡረተኛው፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ ከሥራ ወጥታ እግሯን ልታሳርፍ የገባች ነርስ፣ አንዳንዴም ዝናብ ያባረረው መንገደኛ ነው።

ማዕከሉን ያቋቋሙት ሴት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምሁር ሲናገር ሕዝብ ሲያንቀላፋ እያዩ የመረራቸው ሰው ነበሩ። እናም ደንቡ ሲረቀቅ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ማንም ተናጋሪ ሕዝብ ፊት ከመቆሙ በፊት ንግግሩን በሙያው ላልተማረ ለአንድ ሰው ያቀርባል። ያ ሰው ሰምቶ ሲጨርስ በአንዲት ገጽ ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ምን እንደሰማና ዛሬ ቤቱ ሲገባ ለማን እንደሚነግረው። ገጹ ተሞልቶ ካልተፈረመ ንግግር የለም። ንግግር ከሌለ ሁለተኛ ዓመትም የለም።

ለዚህ ሥራ አድማጩን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ሰውየው ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። የቀረውን የተማረው በጆሮው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ የተነገረውን ሁሉ ሰምቷል፤ ያልገባውን ቃል እጁ መዳፍ ላይ ይጽፍና ቤቱ ሲገባ ሳይታጠብ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ንግግር ሊጀመር ሲል ድምፁን ሳያሰማ «ጌታ ሆይ፣ ጆሮዬን ክፈትልኝ፤ አፌን ደግሞ ያዝልኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ይከፈትለታል።

ያን ሰኞ ግን አልተከፈተለትም።

ተናጋሪዋ ዓመቱን ሁሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የመኪና ማቆሚያውን በሚያሳየው ቢሮ ከስድስት መቶ አሮጌ ማመልከቻዎች ጋር ተዘግቶባት የከረመች የታሪክ ዶክተር ናት። ማመልከቻዎቹ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት በፊት፣ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ታይፕ የሚመቱ ጸሐፊዎች ለባለጉዳይ የጻፏቸው ናቸው። በእነሱ ላይ መጽሐፍ እየጻፈች ነው፤ ግማሽ ደርሷል። ሁለተኛውን ዓመት ካላገኘች ወደ አራት ክፍልና ወደ ስምንት መቶ የተማሪ ወረቀት ትመለሳለች፤ መጽሐፉም መሳቢያ ውስጥ ይቀበራል። ገጹ ተፈርሞ የሚገባበት የመጨረሻው ሰዓት ዓርብ እኩለ ቀን ነው። ኮሚቴው ከምሳ በኋላ ይሰበሰባል፤ ለሕዝብ የምትናገረውም በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ነው።

ባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆማ አነበበች። «በአስተዳደራዊ ሰነድ ውስጥ የሚዋቀረው የኅብረት ሰቆቃ ትርክት፣ ራሱን የሚያነብረው በተገዢነት ልሳን በኩል ሲሆን...» ሃያ ደቂቃው ሠላሳ አምስት ሆነ። አድማጩ ጀርባውን አቅንቶ፣ ዓይኑን ከአፏ ሳይነቅል አዳመጠ። ሲያልቅ ገጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና «የሰማሁት፦» ከሚለው ፊት እስክሪብቶውን አቆመ። እስክሪብቶውም እዚያው ቆመ።

«እህስ ጋሼ?» አለች ውሃ እየጠጣች።

«ዶክተር፣ አልዋሽዎትም። ማመልከቻ ሲባል ሰምቻለሁ። እንባ ሲባልም ሰምቻለሁ። በሁለቱ መሃል ያለው ነው የጠፋኝ።»

«በሁለቱ መሃል ያለው እኮ ነው ንግግሩ!»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ዶክተሯ ወረቀቷን ሰበሰበች። «እሺ፣ አስተካክላለሁ» ብላ ወጣች፤ በሩን ግን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ነው የዘጋችው።

ማክሰኞ ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ያዙት። እኚህ ፕሮፌሰር ሁልጊዜ ስልክ ጆሯቸው ላይ ስላለ፣ የሚያወሩት ከስልኩ ጋር ይሁን ከፊታቸው ካለው ሰው ጋር ለመለየት ጊዜ ይወስዳል።

«ወንድሜ፣ ይህች ልጅ ጎበዝ ናት» አሉ።

አድማጩ ሊያልፋቸው ተራመደ። ለስልኩ መስሎት ነበር።

«አንተን እኮ ነው!»

«ጎበዝ ናት፣ ፕሮፌሰር።»

«እንግዲያው ፈርምላታ።»

«ምን ሰማሁ ብዬ?»

«ጥሩ ነገር ሰማሁ በል! ሰውዬ፣ እኔን ከሁለት ወገን ነው የሚያስጨንቁኝ። መምህራኑ 'በዶክትሬታችን ላይ የወንበር ደርዳሪ ፊርማ ምን ይሠራል?' ይሉኛል። በላይ ያሉት ደግሞ 'ሕዝብ አይመጣላችሁም' ይሉኛል። መሃል ቤት እኔ ልሙት?»

«እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት።»

«ዕድሜውን ተወውና ፊርማውን ስጠኝ። ለመሆኑ እስከ ዛሬ ስንት ሰው ጥለሃል?»

«እኔ አንድም ሰው ጥዬ አላውቅም። ደጋግሜ ነው የሰማሁት። የፍልስፍናው መምህር ሰባት ጊዜ ነው የተመላለሱት።»

«ሰባተኛው ላይ ምን ተገኘ?»

«ሰባተኛው ላይ ወረቀታቸውን ረስተው መጡ።»

ዳይሬክተሩ ለመሳቅ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ስልኩ ግን አንድ ነገር አላቸውና ፊታቸው ተመልሶ ጨለመ። «ዓርብ። እኩለ ቀን። ከዚያ በኋላ እኔ የለሁበትም» ብለው ሄዱ።

ረቡዕ ዶክተሯ ተመለሰች። አላሳጠረችም። ሥዕል ነው የጨመረችበት። ፕሮጀክተሩ እንደምንም ሞቀና ግድግዳው ላይ ሦስት ክብ ታየ፤ ከክቡ ክብ ቀስት ይሄዳል፤ ከቀስቱም ሌላ ቀስት ይወለዳል። አድማጩ ቀስቶቹን አንድ በአንድ እየተከተለ ሄደ፤ ሁሉም ዞረው እዚያው የተነሱበት አደረሱት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ ተጸጸተ፤ የሰው ልፋት ነው፣ እንደዚህ አይባልም።

«አሁንስ?» አለች። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል፤ እንቅልፍ ካጣች ሰነባብታለች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጸሐፊዎቹ ዓርብ ይመጣሉ?»

«የትኞቹ ጸሐፊዎች?»

«ባለጃንጥላዎቹ። አንድ ሁለቱ እኮ ዛሬም እዚያው አጥር ሥር ናቸው።»

«ጋሼ፣ እነሱ ምንጮቼ ናቸው እንጂ ታዳሚዎቼ አይደሉም» አለች ቶሎ ብላ። ከዚያም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። «ደግሞስ እነሱ ይህን ምን ያደርጉታል?»

«እኔስ ምን አደርገዋለሁ? ይኸው እያዳመጥኩ አይደል?»

ትዕግሥቷ አለቀ። «ምን እንዳደርግልዎት ነው የሚፈልጉት? እንደ ሕፃን ተረት ላውራልዎት? እሺ! ስድስት መቶ ማመልከቻ አለ። ያመለከቱት ሰዎች አይተዋወቁም። ሰፈራቸው ይለያያል፣ ዘመናቸው ይለያያል፣ ጉዳያቸው ይለያያል። ግን በአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ቃል በቃል አንድ ነው። 'እንባዬ ከጉንጬ ሳይደርቅ ይህን አመለክታለሁ' ይላል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው! ሕዝብ በአንድ አፍ ሲያለቅስ ሰምተው ያውቃሉ? መጽሐፌ ስለዚያ ነው። በቃ።»

አድማጩ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። «ታዲያ ይህን ለምን ከመጀመሪያው አይሉትም ነበር?»

«ይኼ እኮ ቀላሉ ነው!»

«ቀላሉን ይስጡኝና ከባዱን እርስዎ ይያዙት።»

«ቀላሉን ብቻ ከተናገርኩ ሰው ተነስቶ የሚጠይቀኝ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ዓርብ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። እንዲህ አድርጌ።» ገመዱን ተራምዳ ወጣች።

አድማጩ ያን ቀን በደስታ ነው ወደ ቤቱ የገባው። በመጨረሻ የሚናገረው ነገር አገኘ። ባለቤቱ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፤ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ አንድ እጅጌ እያያያዘች ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የማዕከሉን ጉባኤ በባሏ አፍ ስትሰማ የኖረች ስለሆነች፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ «ዛሬስ የማን ነው?» አለችው።

ነገራት። ስድስት መቶውን፣ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን፣ እንባውን። አሳምሮ ነው የነገራት።

የመኪናው ጎማ ቆመ። «ማነው ያለቀሰው?»

«ሕዝቡ ነዋ።»

«የትኛው ሕዝብ?»

«ያመለከተው።»

«እኔ አመልክቼ የለም እንዴ? ያ ጎረቤታችን የእናቴን ግድግዳ የናደብን ጊዜ? ያው ባለጃንጥላ አይደል የጻፈልኝ?» ጣቷን ወደ ደረቷ አዞረች። «እኔ መች አለቀስኩ? አንተ ሰውዬ፣ እኔ ላንቀው ነበር የሄድኩት! ተናድጄ፣ 'እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፤ ሌባ ነው፣ ደፋር ነው፣ ዳኛውም ሦስት ጊዜ በቀጠሮ አመላልሶኛል፣ አያፍርም ወይ?' ነው ያልኩት። ጸሐፊው ሰምቶ ሰምቶ ምን አለኝ መሰለህ? 'እህቴ፣ ለዳኛ ቁጣ ብታሳዪው ሌላ ቀጠሮ ይሰጥሻል፤ እንባ ብታሳዪው ውሳኔ ይሰጥሻል።' ከዚያ ያንን የጉንጭ እንባ ጻፈብኝ።»

«አሸነፍሽ አይደል?»

«አሸነፍኩ እንጂ! ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያላለቀስኩትን አልቅሻለሁ ብዬ ፈርሜ።» እጅጌውን አንስታ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኔን እኮ ገደደኝ፤ ስላላለቀስኩ ነዋ! ሂድና ለዶክተሯ ንገራት።»

ለመናገር ቀላል ነው። ሐሙስን በሙሉ አድማጩ አንድ ወንበር አጥፎ ሌላውን ሲዘረጋ ዋለ። ቢነግራት የአንድ ዓመት ሥራዋን ሊንድባት ነው፤ እሱ ማነውና? የአንዲት ሴት ምስክርነት በአራት መቶ ሰው ላይ ምን ያህል ይመዝናል? ባይነግራት ደግሞ ደንቡ የሚጠይቀው የሰማውን ብቻ ነው፤ ያሰበውን አይደለም። ዓርብ ጠዋት ግልጽ አድርጋ ትናገራለች፣ እሱም ይጽፋል፣ ይፈርማል፤ ልጅቷ ትድናለች። ዝም አይነቅዝም። በዚህ ሐሳብ ተስማምቶ፣ በምሳ ሰዓት ጥግ ይዞ እንደ ልማዱ ሊጸልይ ቆመ። አፌን ያዝልኝ ሊል ጀመረና ተወው። ጌታን በዚህ ጉዳይ መለመን ነውር መሰለው።

ዓርብ ጠዋት መጣች። ጸጉሯን አስራለች፣ ወረቀቷ አራት ገጽ ብቻ ነው፣ ቀስት የሚባል የለም። በአሥራ ስምንት ደቂቃ ጨረሰች። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር በዚያ አዳራሽ ከተሰማ ቆይቷል። ሕዝብ በአንድ አፍ ያለቅሳል፤ ያለቀሰውም በቃል ሳይሆን በወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ሰብስባ ድምፁን መለሰችለት። አለቀ።

አድማጩ ጻፈ። «የሰማሁት» የሚለው ክፍል ሳይቸግረው ሞላ። ዶክተሯ ከፊቱ ቆማ የእስክሪብቶውን ጫፍ እያየች ነው። ከታች ወዳለው መስመር ወረደ፤ «ዛሬ ቤት ስገባ የምነግረው፦»። «ለባ» ብሎ ጻፈና ቆመ።

«ምነው?» አለች።

«ለባለቤቴ ልል ነበር።»

«እና?»

«ነግሬያታለሁ። ረቡዕ ዕለት።»

«ታዲያ ይጻፉታ! ጋሼ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ሰዓት አይሞላም እኮ!»

«አላመነችም፣ ዶክተር።»

ከዚያ በኋላ መመለስ አልነበረም። የግድግዳውን ነገር ነገራት፤ ቁጣውን፣ ቀጠሮውን፣ የጸሐፊውን ምክር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐኪም ክፉ ወሬ እንደሚናገረው እየቀነሰ ነው የነገራት። ትደነግጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ!» ብላ ጮኸች። ባዶው አዳራሽ ተቀበላት። «አውቃለሁ! የሚገርሙ ሰው ነዎት! ይህን ለመስማት ነው ሳምንቱን ሙሉ ያሰቃዩኝ?»

«የት ያውቃሉ?»

«ከራሱ ከባለጃንጥላው! በዘጠነኛው ወር ሄጄ አነጋገርኩት። አራት ናቸው፣ ጋሼ። ስድስት መቶውን ማመልከቻ የጻፉት አራት ሰዎች ናቸው። ያን ዓረፍተ ነገር አንዱ ጀመረው፤ ሲያሸንፍበት ሦስቱ ተዋሱት። 'እንባው የእኛ ነው፣ ልጄ፤ የእነሱማ ቁጣ ነበር' ብሎ ሳቀብኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ገጹን አለፍኩት።» መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ምን ላድርግ? ግማሹን መጽሐፍ ጽፌ ነበር። አንድ ሽማግሌ ስለሳቀ ልቅደደው?»

አድማጩ አጠገቧ ሄዶ መቀመጥ አልደፈረም፤ ወንበሩን ብቻ ጠጋ አደረገ።

እሷ ማውራቷን ቀጠለች። ለእሱ ነው ለማለትም አያስደፍርም፤ ጣሪያውን፣ ጫማዋን፣ ገመዱን እያየች ነበር። ሰዎቹ ቁጣቸውን ይዘው ወደ ጃንጥላው እንደሚመጡ፤ ጸሐፊው የዳኛውን ጠባይ ስለሚያውቅ ቁጣውን አራግፎ እንባ እንደሚያለብሳቸው፤ ዳኛውም የሚያለቅስ ሕዝብ እንዳለው አምኖ በደስታ እንደሚፈርድ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የተቆጣ ሰው ወረቀት ላይ የለም። ሁሉም አልቃሽ ነው። እኔም እንደ ዳኛው አመንኩ። ቁጣው የት ሄደ? ከየትኛው ቤት ተመለሰ? በማን ላይ ወረደ? እሱ ነበር መጽሐፉ! እኔ የሠራሁት ግን የአራት ሰዎች ታይፕ ላይ ማልቀስ ነው። የሥራዬ ግማሽ ስህተት ነው። በየቀኑ ወደዚያች ቢሮ ስገባ አውቀዋለሁ። ስለማውቀው ነው ቃሉ ሁሉ የረዘመብኝ። አጭር ብናገር ይታያላ!»

ሆድ ያውቃል የሚባለው ይኼ ነው። እንደዚህ ስትናገር ሃያ ደቂቃ ሞላት። አድማጩ ሰዓቱን ያየው እሷ ዝም ስትል ነው።

«ዶክተር» አለ፣ «አሁን ቸግሮኛል። ደንቡ የሰማሁትን እንድጽፍ ነው። ዛሬ ሁለት ንግግር ሰምቻለሁ። ሁለቱም የእርስዎ ናቸው፤ ሁለቱም ገብተውኛል። በመጀመሪያው ብፈርም ለማን እንደምነግረው ግን አላውቅም፤ ያንን መስመር ባዶ ትቼ እፈርማለሁ፣ ፕሮፌሰርም አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። የትኛውን ልጻፍ? እሱን እኔ መምረጥ አልችልም።»

«ኮሚቴው ሁለተኛውን ካየ ሁለተኛ ዓመት የለኝም።»

«ይሆናል።»

«'ይሆናል' ይላሉ ደግሞ! የሰው ኑሮ እኮ ነው!»

«ሳምንቱን ሙሉ የፈራሁት እሱን ነው፣ እህቴ» አለ። ዶክተር ማለቱን ረሳ።

ተነስታ በወንበሮቹ መሃል ተመላለሰች። አንዱን በእግሯ ገፋችው፤ ተጣጣፊ ነውና ታጠፈ። እሷም እንደገና ዘረጋችውና አስተካክላ አቆመችው። ጀርባዋን እንደሰጠችው ነው የተናገረችው፤ «እግዜር ይይልዎት፣ ጋሼ። የአሁኑን ይጻፉት።»

አድማጩ አዲስ ገጽ አወጣ። እጁ ፈጣን አይደለም፤ ሲጨርስ ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ነበር። ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይዞት ሄደ። ፕሮፌሰሩ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ማንበብ ጀመሩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» አሉ። ገጹ እንዲህ ይላል፦

«የሰማሁት፦ ሰዎች ተቆጥተው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር። በር ላይ አራት ጸሐፊዎች ነበሩ። ጸሐፊዎቹ ቁጣውን ትተው እንባ ጻፉላቸው፤ በእንባ ይፈረድላቸው ነበርና። ዶክተራችን እንባውን አንብበው የሕዝቡ መሰላቸው። አሁን የጸሐፊዎቹ እንደሆነ አውቀዋል። ከሥራቸው ግማሹ ስህተት እንደሆነ እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ቁጣው የት እንደገባ ገና አልታወቀም፤ ሊፈልጉት ይፈልጋሉ። እኔም ባውቀው ደስ ይለኛል። ዛሬ ቤት ስገባ የምነግረው፦ ለባለቤቴ። ይህን ታምናለች።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ነው ኮሚቴ ፊት የማቀርበው? 'ግማሹ ስህተት' የሚለውን? ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር ሰማሁ በል አልኩህ እኮ!»

«ጥሩ ነገር ነው የሰማሁት፣ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ መሳቢያቸውን ጎትተው የማዕከሉን ደንብ አወጡ። አንቀጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ መልሰው አነበቡት፤ ገልብጠው ከጀርባው ጭምር አዩት። «አድማጩ የሰማውን መልሶ መናገር ከቻለ ንግግሩ አልፏል ይላል። ንግግሩ ትክክል ይሁን የሚል የትም የለም።» «እኚያ ማዕከሉን ያቋቋሙት ሴትዮ ይህን ሳያዩት ቀርተው ነው ወይስ ሆን ብለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንተማ ምንም አታውቅም!» ብለው ማህተሙን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መቱት።

ከምሳ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምስት ናቸው። አድማጩ ውሃ ሊያስገባ ሲገባ አንደኛው መምህር ገጹን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ይዘውት ነበር። «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?» አሏት።

«ስሳሳት ነበር» አለች ዶክተሯ። «አሁን የት ላይ እንደተሳሳትኩ አውቃለሁ። ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ለማስተካከል ሌላ አንድ ዓመት እለምናለሁ።»

«ይህን በማመልከቻዎ ላይ አልጻፉትም።»

«ማመልከቻ ላይ እውነት እንደማይጻፍ አሁን ነው የገባኝ።»

አድማጩ ብርጭቆዎቹን ቶሎ ቶሎ አስቀምጦ ወጣ፤ ሳቁ እንዳያመልጠው ፈርቶ ነው። እሷም ተከትላው ወጣች፤ ድምፅ ሊሰጡ አስወጥተዋት ነው። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። አንዱ ሌላውን አላየም። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ወጡ፤ ግንባራቸውን እያሻሹ ነው።

«ስድስት ወር» አሉ።

«ስድስት ወር? የጠየቅኩት ዓመት ነው!»

«ገጹ ላይ 'ግማሹ ስህተት' ስለሚል፣ ግማሽ ጊዜ ተሰጠ።»

ዶክተሯ ግድግዳውን ለቀቀች። «ስህተት የሆነውን ግማሽ እንዳርምበት ነው ወይስ ትክክል ለሆነው ግማሽ ሽልማት?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? ተከራክረው ተከራክረው ሲደክማቸው በድምፅ ብልጫ አለፈ። ሁለቱ ዓመት ይሰጣት አሉ፤ ሁለቱ ምንም አይሰጣት አሉ፤ አምስተኛው ሂሳብ አስተማሪ ነው።»

ሳቀች። ሳቋ ከደስታ ይልቅ ወደ እልህ ያደላ ነበር፤ ግን ሳቅ ነው። አድማጩም «ስሙ ይመስገን» አለ በልቡ፤ ግማሽ ምስጋና መስጠት ስለማያውቅበት ሙሉውን ሰጠ።

አመሻሹ ላይ ሰው መጣ። ስድሳ ያህል ይሆናሉ። ውጭ ዝናብ ስለነበር ስንቱ ለንግግሩ፣ ስንቱ ለጣሪያው እንደገባ ማረጋገጥ አይቻልም። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ያንኑ የኅብረት ሰቆቃ ትርክት የሚለውን ረጅም ርዕስ እንደያዘ ነው፤ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ከኋላ ተርታ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ጥርስ የሚነቀልለት ሰው መስለው ተቀምጠዋል።

ዶክተሯ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ቆመች። ከዚያ፣ «እንደምን አመሻችሁ። አንድ ዓመት ስሠራው የቆየሁት ነገር ግማሹ ስህተት ነው» አለች።

ገና ትንፋሽ ሳትወስድ፣ ከግራ በኩል አንድ የረጠበ ኮት የለበሱ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ጥያቄ የሚፈቀደው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የሚነግር ወረቀት በየወንበሩ አለ። አዛውንቱ ግን ወረቀታቸው ላይ ተቀምጠውበታል።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አሉ፤ «የትኛው ግማሽ?»

ዳይሬክተሩ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁም ቶሎ አለቀ፤ ሰው መልሱን ፈልጎ አንገቱን አሰገገ። ዶክተሯ አራቱን ገጽ አጥፋ ኪሷ ከተተች።

«እሱን ለይቼ እንድጨርስ ስድስት ወር ተሰጥቶኛል፣ አባቴ» አለች። «እስካሁን የደረስኩበትን ግን ልንገርዎት። እርስዎ ማመልከቻ አስጽፈው ያውቃሉ?»

«ሦስት ጊዜ!» አሉ አዛውንቱ፤ ቁጣቸው ከዚያን ዘመን ጀምሮ ሳይበርድ የቆየ ይመስል፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ፊት መጡ።